መልሕቅ ያለበት ድንጋይ

ቅዳሜ ጠዋት ባሮ ወንዝ ዳር ወዳለው አሮጌ ግንብ የሄዱት የታሪክ ክበብ አባላት አራት ነበሩ፦ ሰብሳቢው ጌዴዎን፣ ሚርያም፣ ዊዩዋልና ፍቅርተ። የወሰዳቸው መምህር ታደሰ ነው። ግንቡ ጣሪያ የለውም፤ ግድግዳውም ግማሹ ፈርሷል። ውስጡ የዊዩዋል አጎት ከፍየሎቹ ጋር ያድራል።

መምህር ታደሰ ግንቡ የንጉሥ ቤት እንዳልነበረ ነገራቸው። የእንፋሎት መርከብ ከሱዳን ይመላለስ በነበረበት ዘመን አንድ ነጋዴ ያሠራው መጋዘን ነው። ጨው ይራገፍበት፣ ቡና ይጫንበት ነበር። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የድሮ ፎቶ አሳያቸው። ፎቶው ላይ ከበሩ በላይ መልሕቅ የተቀረጸበት ሰፊ ድንጋይ አለ። አሁን ቦታው ባዶ ነው።

«ዊዩዋል፣ ያጎትህ ፍየሎች ድንጋይም ይበላሉ እንዴ?» አለ ጌዴዎን።

ሚርያም ሳቀች። ዊዩዋል አጎቱ እዚህ የገባው ባለፈው በጋ እንደሆነ፣ ያን ጊዜም ድንጋዩ እንዳልነበረ ተናገረ። ሲናደድ አማርኛው ይሰባበርበታል። ጌዴዎን የተሰባበረውን ቃል እየደገመ አሾፈበት።

«ቲቸር፣ ሌባ ቤት ድረስ መጥተን ሌባ የምንፈልገው ለምንድን ነው?»

መምህሩ አልገሠጸውም። ድንጋዩ እስከ ሰኞ ካልተገኘ አጎትየው ከግንቡ እንዲወጣ እንደሚያደርግ ብቻ ተናገረ።

ፍቅርተ ፎቶውን ደግማ አየችው። መልሕቁን ታውቀዋለች።

እናቷ ቦጋለች የሰው ልብስ አጣቢ ናት። ባሮ ዳር እያንዳንዷ አጣቢ የራሷ ድንጋይ አላት፤ በሌላዋ ድንጋይ ላይ ማጠብ ያጣላል። ክረምት ሲገባ ወንዙ እንዳይቀብረው እያንከባለሉ ወደ ላይ ያወጡታል፤ ውሃው ሲሸሽ ይመልሱታል። ቦጋለች ድንጋይዋን የወረሰችው ከእናቷ ነው። በየዓመቱ ሲገለበጥ ፍቅርተ ከሥሩ የተቀረጸውን ታያለች። ልጅ ሳለች የዓሣ መንጠቆ ይመስላት ነበር።

ከግንቡ በቀጥታ ወደ እናቷ ወረደች። ቦጋለች አንሶላ እያሸች ሰማቻት። አያቷ ድንጋዩን ሣር ውስጥ ወድቆ እንዳገኘችው፣ ያኔም የኔ ነው ያለ ሰው እንዳልነበረ ነገረቻት። ማሸቷን ሳታቆም ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይሄን ሰጥቼ ጉልበቴ ላይ ልጠብ? አፍሽን ዝጊ።»

እሁድ ከሰዓት ፍቅርተ ወደ ግንቡ ተመለሰች። ዊዩዋል በሩ ላይ ቆሞ ገመድ ይጠቀልላል። አጎቱ እስኪያስወጡት መጠበቅ አልፈለገም፤ ጓዙን እያሰረ ነው። ፍቅርተ ስለ ድንጋዩም ስለ እናቷም ነገረችው። ዊዩዋል ቀና ብሎ አላያትም።

«ትናንት ሌባ ሲሉኝ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ።»

«እዚሁ ነበርሽ» አለ። ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ፍየሎቹ ገባ።

ፍቅርተ ለእናቷ ነገ እንደምትናገር ነገረቻት። ቦጋለች የፍቅርተን ዩኒፎርም ከክምሩ ውስጥ መዝዛ አወጣችና እግሯ ሥር ጣለችው።

«እንግዲህ ራስሽ እጠቢ።»

ፍቅርተ ዩኒፎርሟን ይዛ ወንዝ ወረደች። ድንጋዩ ላይ ሸሚዟን አሸችው፤ ኮሌታውን ደጋግማ አሸችው። ስትጨርስ ድንጋዩን በባሮ ውሃ አለቀለቀችው።

ሰኞ ጠዋት ክበቡ ሲሰበሰብ ጌዴዎን አፉን ሳይከፍት ፍቅርተ እጇን አውጥታ ድንጋዩ ያለበትን ተናገረች።

ድንጋዩ ከወንዙ ወጥቶ ግንቡ በር ሥር ተቀመጠ። ቦጋለች አሁን በሳፋ ታጥባለች። የዊዩዋል አጎት ፍየሎቹን እየነዳ ወደ ኢታንግ ሄዷል። ዊዩዋል ከክበቡ ወጣ።