ጥላው አላለቀም

«አንድ ቱቦ ጥቁር።»

ኦክታቭ ይህን ያለው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። ከጀርባው፣ የብሩሽ መደርደሪያው ዘንድ፣ የወይን ነጋዴ መስሎ የቆመው ሰው መስማት ነበረበት።

የቀለም ሻጯ ማዳም ኦርታንስ በሳቅ ፈረሱ። «ጥቁር? ከእናንተ ከወንዝ ዳር ሠዓሊዎች ጥቁር የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። እንካ ልጄ፣ አቧራ ሲበላው የኖረ ነው።»

ከፍሎ ወጣ። ነጭ ቢጠይቅ «ምንም የለም» ማለት ነበር። ጥቁር ማለት ግን «ደወል ሊያመልጥ ነው» ማለት ነው። «ደወል» በፖሊስ ወረቀት ላይ የሠዓሊው የአንሴልም ስም ነው።

የወይን ነጋዴ የመሰለው መርማሪ ግሮቡዋ ድልድዩ ላይ ደረሰበት። ሳይተያዩ ጎን ለጎን ሄዱ።

«መቼ?»

«ነገ ጎህ ሲቀድ። ከሰሉን አራግፎ ቤልጅግ የሚመለስ ጀልባ አለ።»

«ሰዎቼ ከፓሪስ የሚደርሱት በጠዋቱ ባቡር ነው። እስከ ረፋድ አቆየው።»

«በምን ላቆየው?»

«ሠዓሊ አይደለህ እንዴ? በሥዕል አቆየዋ!»

«የተስማማነው ማተሚያው እንዲያዝ፣ ሰውየው ግን እንዲለቀቅ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንዳልነው ነው። ማተሚያው የት እንዳለ ይንገረንና ቤልጅግ ሄዶ የቀለም ነጠብጣቡን ያንጠባጥብ።»

ኦክታቭ አመነው። ማመን ፈለገ ቢባል ይሻላል።

በዚያ ዓመት ፓሪስ ውስጥ ቦምብ በፈነዳ ቁጥር ፖሊስ አናርኪስት የተባለውን ሁሉ ያድን ነበር። አንሴልም ቦምብ ነክቶ አያውቅም፤ በራሪ ወረቀት ነበር የሚያትመው። እሱም ቢሆን ወደ ካየን ለሚያስልክ ፍርድ ይበቃ ነበር፤ ከባሕር ማዶው ከካየን እስር ቤት በሕይወት የሚመለስ ደግሞ ጥቂት ነው። ኦክታቭ ተማሪ መስሎ ተጠጋው። ጸደዩን ሙሉ እንጀራውን በላ። ትኩሳት ሲጥለው አጠገቡ ተቀምጦ ያስታመመውም ይኸው አንሴልም ነበር።

ወንዙ ዳር ሲደርስ አንሴልም የገለባ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ይስላል። ፀሐይ የልብስ አጣቢዎቹን ቤት ነጭ ግድግዳ የምትመታበትን ረፋድ ብቻ ነበር የሚስለው። ብርሃኑ ሲያልፍ ብሩሹን ያስቀምጣል፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለሳል። እነዚህ ሠዓሊዎች ፖሊስ ቢያሳድዳቸው እንኳ ከብርሃን ቀጠሮ አይቀሩም።

አንሴልም ጨርቅ ፍለጋ የኦክታቭን ሳጥን ሲበረብር ቱቦው እጁ ገባ።

«ኧረ አንተ! ጥቁር? ማን ሞቶብህ ነው?»

ኦክታቭ ቱቦውን ከእጁ ተቀበለው።

«ማዳም ኦርታንስ አታለሉኝ።»

«አይ ሞኙ! ጥላን ጥቁር ነው ያለህ ማን ነው? እስቲ ያንን ግድግዳ እየው። ጥላም ብርሃን ነው፤ ትንሽ የከፋው ብርሃን።»

ሥዕሉ አልቋል። ይህን ኦክታቭ እንኳ ያውቃል።

«አንሴልም፣ ጥላው አላለቀም።»

«ምን አልክ?»

«ከሥሩ፣ ከውሃው ጋር የሚገናኝበት ቦታ። ቀይ ነገር ይጎድለዋል።» አፉ ላይ የመጣለትን ነበር የተናገረው።

አንሴልም ግድግዳውን አየ። ከዚያ ዞሮ ኦክታቭን አተኩሮ አየው።

«ነቃብኝ» አለ ኦክታቭ በልቡ።

«ባለ ጀልባው አይጠብቀኝም» አለ አንሴልም ቀስ ብሎ።

«ሌላ ያልፋል። አንድ ረፋድ ብቻ ቆይ።»

አንሴልም ጢሙን እያሻሸ ፈገግ አለ። «ይሁን። አንድ ረፋድ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የጀልባዋ ጡሩምባ ተነፋ፤ ደግሞ ተነፋ። ከዚያ ዝም አለ። ኦክታቭ ግድግዳው ፊት ቆሞ ዝናብ እንዲጥል ተመኘ። ዝናብ ከጣለ ብርሃን የለም፤ ብርሃን ከሌለ አንሴልም አይመጣም። ሰማዩ ግን እንደታጠበ ሳህን ጠርቷል።

ረፋድ ላይ ወንዙ ዳር ሦስት ዓሣ አጥማጆች ተቀምጠዋል። ጫማቸው የፖሊስ ጫማ ነው።

አንሴልም እያፏጨ መጣ። ብብቱ ሥር ያለው ሸራ ባዶ ነበር።

«ሥዕልህስ?» አለ ኦክታቭ።

«አልቋል። ትናንትም አልቆ ነበር! ቀዩን እኮ ከትናንት ወዲያ ከትቼዋለሁ፤ ሸራው ላይ አላየኸውም። ግድግዳው ላይ ግን አየኸው!» ባዶውን ሸራ ማቆሚያው ላይ አኖረለት። «ይሄ ያንተ ነው። ጸደዩን ሙሉ ሸራ ስታቆሽሽ ከርመህ ትናንት ዓይንህ ተከፈተ። ታዲያ ዓይኑ በተከፈተ ማግስት ተማሪውን ጥሎ የሚሄድ ምን ዓይነት መምህር ነው?»

ኦክታቭ ግድግዳውን አየ። የጥላው ሥር እውነትም ቀይ ነበር።

«ሩጥ።»

«ምን ሆነሃል?»

«ጀልባዋ ሩቅ አልሄደችም። ሩጥ፣ አንሴልም!»

ዓሣ አጥማጆቹ ተነሱ።

አንሴልምን ጭቃው ላይ በአፍጢሙ ደፉት። አንሴልም ከጭቃው መሃል ጮኸ። «እሱን ተዉት! ተማሪ ነው፣ ምንም አያውቅም!»

ግሮቡዋ የሰላዩ ማንነት እንዳይጋለጥ ኦክታቭን ገፈተረው። «ጥፋ ከዚህ፣ ቀለም ቀቢ!»

ማታ ድልድዩ ሥር ተገናኙ።

«ይለቀቃል ብለውኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር።»

«ማተሚያውስ?»

ግሮቡዋ ሲጋራውን ውሃው ውስጥ ወረወረ። «ማተሚያውን ከያዝነው ሳምንት አለፈ።»

አንሴልም ወደ ካየን እንዲጋዝ ተፈረደበት። ዳኛው የምትለው አለህ ወይ ቢሉት፣ «አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ሥዕሉን እንዳይተው ንገሩልኝ» ብሎ ተቀመጠ። ኦክታቭ ይህን ያነበበው ከጋዜጣ ነው። አንብቦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ለቅሶው ግን አንሴልምን ከመርከብ አላወረደውም።

ፖሊሶቹ ለኦክታቭ ሌላ ስም ሰጡት፣ ሌላ ከተማ። ሊዮን ውስጥ ቁልፍ የሚሸጥ፣ ጎረቤቱ እንኳ መልኩን የማያስታውሰው ሰው ሆነ። ረፋድ ላይ ነጭ ግድግዳ ያለበትን መንገድ ይሸሻል። አንድ ቀን ግን ሳያስበው ታጠፈና የራሱ ጥላ ግድግዳው ላይ ቆሞ ጠበቀው።

ጥቁር እንዲሆንለት ለመነ። ለእሱ የሚገባው ጥቁር ነበር።

ጥላው ሐምራዊ ነው፤ ከሥሩም ቀላ ይላል። ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ከመንገደኛው ጋር ተቀላቀለ።