ሁለቱ መወርወሪያዎች

እጅጉ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመጋዘኑ የብረት በር ሥር፣ ከውስጥ በኩል ነው። ግንባሩን በሩ ላይ እንዳስደገፈ ተንበርክኮ ደርቋል። የእጆቹ አንጓዎች ተልጠዋል። ከኋላው ለዘር የተመረጠ በቆሎ እስከ ጣራው ተከምሯል፤ በጆንያዎቹ መካከል መርዛማ ትነት የሚያወጣው የነቀዝ ክኒን ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ይሄይስ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። መርዙ ወጥቶ እስኪያልቅ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ዓይኑ ከሟቹ እጆች አልነቀል አለው። ይህ የመጋዘን ኃላፊ ሐሙስ ዕለት ደውሎለት ነበር። «ስለ ወንድምአገኝ የምነግርዎ አለኝ» አለው። ይሄይስ ሥራ በዝቶበት፣ «ሰኞ ና» ብሎ ዘጋው።

ወንድምአገኝ የመጋዘኑ ተሸካሚ ነበር። አምና እዚሁ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ ይሄይስ ቸኩሎ «የነቀዝ ክኒን ውጦ ራሱን አጠፋ» ብሎ ጻፈ። በዚያች አንዲት መስመር ካህናቱ ፍትሐት ነሱት፤ ያለ ጸሎት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀበረ። እናቱ፣ «ልጄን ሁለት ጊዜ ገደላችሁት» ያለችው እስከ ዛሬ ከይሄይስ ጆሮ አልወጣም።

የእጅጉ ሚስት ወለተ ሥላሴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ቄስ መልካሙ አብረዋት ነበሩ።

«ጌታዬ፣ ባሌንም እንደ ወንድምአገኝ ሊያደርጉብኝ ነው?» አለችው።

ይሄይስ ወደ ቄሱ ዞረ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቅዎታለን» አሉ ቄሱ። «ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ግን ልፈታው አልችልም፣ ልጄ።»

ሥራ አስኪያጁ ላቀው በሩን አሳየው። ሲገፉት ራሱ ይቆለፋል። ከውጭ በካርድ፣ ከውስጥ በአረንጓዴ መጫኛ ይከፈታል።

«መብራት ቢጠፋስ?» አለ ይሄይስ።

«መወርወሪያው ራሱ ይለቃል። እጅጉ ራሱ ነው የመረጠው። እንግዲህ አልወጣም ያለን ሰው ማን ያስወጣዋል? ክኒኑን በገዛ እጁ አስቀምጦ ተቀመጠ። ኋላ ጸጸት ሲመጣበት ጉልበት አጣ።»

«የመብራቱ ማጥፊያ የት ነው?»

«ቢሮዬ ውስጥ። ቁልፉ ከእኔ አይለይም።»

ይሄይስ ጎንበስ ብሎ መወርወሪያውን አየ። በሩን አቧራ ለብሶታል፤ ብሎኖቹ ግን ያብረቀርቃሉ። ከበሩ ውጭ ካለው ሣጥን ውስጥ ደግሞ በሥርዓት የታጠፈ ጋቢና ስልክ አገኘ።

«የእሱ ናቸው» አለ ሽማግሌው ዘበኛ ይታገሱ። የጸበል ጠርሙስ በእጁ ይዟል። «መድኃኒት ሲያስቀምጥ ስልክ አያስገባም፤ ትነቱ እሳት ይይዛል ይላል። ወንድምአገኝ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ሰው እንዳይከተለው በሩን ዘግቶ ነው የሚሠራ።»

«ትናንት ምን ሰሙ፣ አያ ይታገሱ?»

«ባይጠይቁኝ።»

«እጠይቃለሁ።»

«ዐሥራ አንድ ሰዓት ተራዬ ደርሶ ገባሁ። እጅጉ እንደ ወትሮው ቀድሞኝ የወጣ መስሎኛል። ወዲያው የበሩ ቀይ ዓይን ድርግም ብላ ጠፋች።» ካርድ የሚነካበት ሳጥን ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ማለቱ ነው። «ጥቂት ቆይቶ ኳ፣ ኳ፣ ኳ! ጎረቤት ያለው የመብራት ወፍጮ እየጮኸ እንኳ ይሰማኝ ነበር። ወንድምአገኝ መጣ አልሁና አማትቤ ጸበል ላመጣ ሮጥሁ። ስመለስም ያንኳኳል። በሩ ላይ ረጨሁበት። አመሻሽ ላይ ጸጥ ሲል እግዜርን አመሰገንሁ።»

ሽማግሌው ጠርሙሱን አየና መሬት ላይ አስቀመጠው።

በሩን የገጠመው ወንዳወቅ የከተማ ጎረምሳ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ገጣሚ ብቻ ነኝ» አለ ሳይጠየቅ። «ሁለት ዓይነት መወርወሪያ አመጣሁ። አንዱ መብራት ሲጠፋ ይለቃል፤ ሌላው እንደ ተቆለፈ ይቀራል። እጅጉ፣ ‹ሰው የሚገባበት ቤት ነው፤ የሚለቀው ይሁን› አለኝ። ገጠምሁ።»

«ከዚያስ?»

ወንዳወቅ ጫማውን አየ። «ከዚያማ... ምንም።»

ስምንት ሰዓት ላይ ይሄይስ ሁሉንም በሩ ፊት ሰበሰበ። የቢሮውን ቁልፍ ከላቀው ተቀብሎ ለዘበኛው ሰጠው።

«በሩን ስዘጋው ማጥፊያውን ያውርዱ።»

ገብቶ ዘጋ። መብራቱ ጠፋ። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ሆነበት። አረንጓዴውን መጫኛ ደጋግሞ ተጫነ፤ መወርወሪያው ንቅንቅ አላለም። እጁን አንሥቶ ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

ውጭ ወለተ ሥላሴ ስትጮኽ ሰማ።

መብራቱ ሲመለስ በሩን ከፍቶ ወጣና ላቡን ጠረገ። «ሊሞት የገባ ሰው ጋቢውን አጥፎ አያስቀምጥም» አለ። «እጅጉ የሚለቀውን መረጠ፤ በሩ ላይ ያለው የማይለቀው ነው። ብሎኖቹም አዲስ ናቸው። ወንዳወቅ፣ ማን አስቀየረህ?»

«አያ ላቀው ናቸው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት! ‹መብራት ሲጠፋ ሌባ ይገባል፤ ለእጅጉ እኔ እነግረዋለሁ› አሉኝ። ምን ላድርግ፣ ጋሼ!»

«ትናንት ወፍጮው ሲፈጭ ውሏል። ስለዚህ ሰፈሩ መብራት ነበረው፤ የጠፋው የመጋዘኑ ብቻ ነው። ማጥፊያው ያለው ደግሞ አንድ ሰው ቁልፉን የያዘበት ቢሮ ውስጥ ነው። ያ ሰው መወርወሪያውን አስቀይሮ ሲያበቃ ዛሬ ጠዋት ‹ራሱ ይለቃል› አለኝ።»

«ምን በድሎኝ እገድለዋለሁ?» አለ ላቀው።

ወለተ ሥላሴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። «ከፋሲካ ጀምሮ ሲለምንህ አልነበር? ‹ወንድምአገኝን የመድኃኒቱ ትነት ሳይወጣ አስገብተህ ነው ያስገደልኸው፤ አብረን እንናገር› አላለህም? ‹ሳልነግረው አልከስሰውም› ብሎ፣ ለፖሊስ መደወሉን እንኳ ነግሮህ መጣ።»

ላቀው ወደ በሩ ዞረ። የተናገረው ለይሄይስ ሳይሆን ለበሩ ይመስል ነበር።

«ማጥፊያውን አወረድሁና ተቀመጥሁ። ከዚያ ማንኳኳቱ መጣ። እጅጉ መሆኑን እያወቅሁ የወንድምአገኝ እጅ መሰለኝ። ልከፍት ተነሣሁ፤ መልሼ ተቀመጥሁ። ጸጥ ሲል ማጥፊያውን አነሣሁት።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ቄስ መልካሙ መስቀላቸውን አወጡ። «እጅጉ ይፈታል» አሉ።

«አባ፣ ሁለት ናቸው» አለ ይሄይስ። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ሰጣቸው። ‹ስለ ወንድምአገኝ የጻፍሁት ስሕተት ነው። ራሱን አላጠፋም› ይላል፤ ፈርሞበታል።

ቄሱ እጅጉን ፈትተው ካስቀበሩ በኋላ ከቅጥሩ ወጥተው፣ ሣር በወረሰው መቃብር ላይ ሁለተኛውን ጸሎት አደረሱ። የወንድምአገኝ እናት አፈሩን በመዳፏ ስትዳብስ ይሄይስ ከሩቅ ቆሞ አየ።

«እንግዲህ ማንኳኳቱ ይቆማል፣ ጌታዬ» አለ ይታገሱ።

ይሄይስ የገዛ እጁን አንጓዎች አየ።

እጅጉን «ና» ባለበት ሰኞ ጠዋት ይሄይስ ከሁሉም ቀድሞ ቢሮው ገባ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ ከጠረጴዛው ማዶ አንድ ባዶ ወንበር አቀረበና ተቀመጠ።