የእንኳዬ የብር ጫማ

ንጉሥ በደኅና ይሻገር ዘንድ የአምስት ዓመት ልጅ ቀድማ ድልድዩን ትርገጥ ብሎ የደነገገ አገር፣ አንባቢ ሆይ፣ ድልድዩ ሲናድ በማን ላይ ይፈርዳል ትላለህ? በግንበኛው? ባሠራው ሹም? ወይስ በውኃው? የሐንዞራ ሊቃውንት ብዙ መክረው በማንም ላይ አልፈረዱም። ልጅቷን ቀደሷት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐንዞራ መንግሥት «የሕፃን እግር ይቅደም፣ የንጉሥ እግር ይከተል» የሚል ሕግ ነበረ። ንጉሥ ሳልገድ በዘውር ወንዝ ላይ ያሠሩትን ታላቅ ድልድይ ሊመርቁ በወጡ ዕለት ዕጣው በእንኳዬ ላይ ወደቀ። ነጭ አልብሰው፣ አበባ አስይዘው ከድልድዩ አፍ አቆሟት። ያን ጊዜ የመካከለኛው ቅስት ድንጋይ አቃሰተ። ምጥ እንደያዛት ላም ረጅም ማቃሰት አቃሰተ። በወንዙ ወዲህና ወዲያ የቆመው ሕዝብ ሁሉ ሰማው፤ በቅሎዎቹም ጆሯቸውን ቀስረው ወደ ኋላ አሉ።

በሐንዞራ ለማኝም ቢሆን «በንጉሥ አምላክ» ብሎ ከያዘ ሰልፍ ይቆማል፤ ሹም ከፈረሱ ይወርዳል፤ የተጠየቀው ሰው ሳይመልስ ከቆመበት አይነቃነቅም። በዚያ ቀን ይህን ቃል የተናገረ አንድ ሰው አልተገኘም።

አፉን የከፈተው የድልድዩ አዛዥ ራምኔል ብቻ ነው። «ድንጋይ ሲደላደል ያቃስታል» አለ። «ልጅቷን ልቀቋት።»

እንኳዬ ሄደች። መካከል ስትደርስ ቅስቱ ተንሸራቶ ቀኝ እግሯን በሁለት ድንጋዮች መካከል ነከሰው።

ንጉሡ ሳይሻገሩ ቀሩ፤ ዳኑ። ስለዚህም ሊቃውንቱ «ስለ ንጉሥ የተሰበረ እግር አፈር አይንካ» ብለው እግሯን በብር ጫማ ከተቱት፤ እስከ ጉልበቷ ዘግተው በንጉሡ ማኅተም አተሙት። በበዓል ቀን በቃሬዛ ተሸክመው ያዞሯታል፤ ሕዝቡ ብሩን ይሳለማል። አጥንቱ በውስጥ ገጠመ። እግሩ ግን እየቀዘቀዘ፣ እየሰለለ ሄደ። ይህን ሁሉ ክብር አሉት።

ለእንኳዬ ከእናት ከአባቷ የቀረቻት እኅቷ ማርዘነብ ብቻ ነበረች። ማርዘነብ የቤተ መንግሥት ጋሻ ያዥ ነበረችና የቃሬዛውን ፊት እንድትሸከም ማዕረግ ተሰጣት። አንድ ቀን ከበዓሉ ሲመለሱ ሕፃኗ ጠየቀቻት።

«ማርዬ፣ እግሬን የት ወሰዱት?»

«ይኸው እኮ። ብሩ ውስጥ ነው።»

«እዚያ ውስጥ ማንም የለም» አለች እንኳዬ።

ማርዘነብ በማግስቱ ጋሻዋን በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ደፋችው። «ይህች ልጅ በገዛ እግሯ አፈር ረግጣ እስክትቆም ድረስ ይህን ጋሻ ባነሣ፣ ክንዴ እንደ እግሯ ይሁን» ብላ ማለች። ሕፃኗን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ጦሯን ብቻ ይዛ ወደ ገረመት ተራራ ተነሣች።

በገረመት ራስ ላይ ወረዛ ይኖራል። ወረዛ ዐይን የሌለው፣ ክንፉ ገደል የሚያለብስ ነጭ አሞራ ነው። በጥንት ዘመን የደነዘዘ አካል የሚያነቃውን የሐንዞራን ምንጭ ጠጥቶ፣ በሆዱ ይዞት ሸሽቷል። ወደ እርሱ ሄዶ እንደ ሄደው ሆኖ የተመለሰ የለም።

በቅሎ ነጂው ደምሌ፣ የአባቷ ወዳጅ፣ ከከተማው በር ላይ ጠበቃት።

«አያ ደምሌ፣ ይቅርብዎት። መንገዱ ክፉ ነው።»

«እኔ የምሄደው ለበቅሎዋ ስል ነው። ብቻዋን ካንቺ ጋር ብልካት ትታዘበኛለች።»

ድምፅ ከአፍ ሳይርቅ የሚወድቅበትን የአመድ ሜዳ አቋረጡ። በተራራው እግር ሥር ጥላ ጅቦች ከበቧቸው፤ ሥጋ የላቸውም፣ ጥርስ ግን አላቸው። ማርዘነብ በጦሯ ስትመክት ቆይታ ጎሕ ሲቀድ ጅቦቹ እንደ ጤዛ ተነኑ። ትከሻዋ ግን ተቦጭቆ ነበር። ተራራውን የወጣችው ደም እየነጠበ፣ ሕመሙን እንደ ስንቅ ተሸክማ ነው።

ወረዛ ሰማቸው እንጂ አላያቸውም። ጦሯን ስታነሣ ድምፁ ከዐለቱ ውስጥ የወጣ መሰለ።

«ውጊኝ። ውኃው ይፈስሳል፤ ዐለቱ ይጠጣዋል።»

«እንግዲያስ ውኃውን ለእኅቴ እግር እንድትሰጠኝ ምን ትሻለህ?»

«ስሜት ከምንም አይፈጠርም። ከአንዱ ገላ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ለእኅትሽ እግር የሚበቃውን ከአንቺ ልውሰድ።»

«ለአንድ እግር ምን ያህል ይበቃል?»

«ለሕፃን እግር? ያለሽ ሁሉ።»

ደምሌ ቆቡን አውልቆ ወደ ፊት ቀረበ። «ከእኔ ውሰድ። ቢያረጅም ብዙ ነው።»

ወረዛ አሸተተው። «አንተ ግማሽህን ለበቅሎ ሰጥተሃል» አለው።

ማርዘነብ ጦሯን አስቀመጠች። አሞራው ምንቃሩን ደረቷ ላይ አሳረፈ። በመጀመሪያ የትከሻዋ ሕመም ሄደ፤ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ብርዱ ሄደ። ፍርሃቷ ሄደ። ከድልድዩ ቀን ጀምሮ እንደ ፍም የያዘችው በራምኔል ላይ የነበራት ቁጣ ሄደ፤ ቁጣውን እንኳ እንዳይሄድ ልትይዘው ሞክራ ነበር። በመጨረሻ ለሄደው ነገር ስም ልታወጣለት አልቻለችም። ውኃው ከወረዛ ምንቃር ደምሌ ወደ ያዘው የቀንድ ዋንጫ ጠብ፣ ጠብ አለ።

ሲመለሱ እሳት አንድደው ተቀመጡ።

«ማርዘነብ፣ እጅሽ እሳቱ ውስጥ ነው» አላት ደምሌ።

«አየሁት» አለች። እጇን አወጣች።

ቤት እንደ ደረሱ ደምሌ የበቅሎ ኮቴ ብረት በሚመታበት መዶሻ ማኅተሙን ሰበረ። ከብሩ ውስጥ የወጣው እግር ድንጋይ ሥር እንደ በቀለ ሣር ነጭና ቀጭን ነበር። ማርዘነብ ውኃውን አፈሰሰችበት። እንኳዬ ጮኸች። ያን ሁሉ ወራት ዝም ብላ የኖረችው ልጅ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች፤ ደምሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ማርዘነብ ማጠቧን ቀጠለች። ጩኸቱ ለእርሷ ከሩቅ አገር እንደሚመታ ከበሮ ነበር።

ውኃው ስሜትን መለሰ፤ መራመድን ግን አላስተማረም። መራመድ የማለዳ ሥራ ሆነ። ማርዘነብ እግሩን ቅባት ቀብታ ታሸዋለች፣ የተኮማተረውን ተረከዝ ታፍታታለች፣ ልጅቷን በብብቷ ደግፋ አሸዋ ላይ ታቆማታለች። ችግሩ እጇ ነበር። የደነዘዘ እጅ መጠን አያውቅም። አንድ ማለዳ ሳታውቅ ተጭና ቁርጭምጭሚቱን አበለዘችው።

«ያማል» አለች እንኳዬ።

«ምን ያህል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ያማል።»

ማርዘነብ የበለዘውን እግር አየችው። ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ የሚያዝነው ቦታ ግን የለም። «እንግዲያስ ዝፈኚ» አለች። «ዘፈኑ ሲቆም እጄ ይቆማል።»

እንኳዬ ስለ ደምሌ በቅሎ ዘፈነች። ሲያማት ዘፈኑን ታቆማለች፤ የማርዘነብ እጅም ይቆማል። ብዙ ሳይቆይ በሆነ ባልሆነው ዘፈኑን ማቆም ጀመረች።

«ይህ አላመማትም» አለ ደምሌ። «ርቧት ነው።»

በዚህ መካከል ራምኔል ድልድዩን አስጠገነ፤ ያው ቅስት፣ በዚያው ድንጋይ። በምረቃው ዕለት ነጭ የለበሰ አዲስ ሕፃን አበባ ይዞ ከድልድዩ አፍ ቆመ። ማርዘነብም ማኅተም በመስበር ተከሳ፣ እንኳዬን በእጇ ይዛ፣ እዚያው አደባባይ ቀረበች።

«ሐንዞራውያን ሆይ» አለ ራምኔል፤ «ይህች ሴት የንጉሥን ማኅተም ሰበረች። ቅዱሱን እግር አፈር አስነካች። እንደ ማንኛችንም እግር አደረገችው።»

ልብ በሉ፤ የልጅ እግር የሰው እግር መሆኑ በዚያ አገር ክስ ነበር።

ማርዘነብ የእንኳዬን እጅ ለቀቀች። ሕፃኗ በባዶ እግሯ፣ እያነከሰች፣ ስለ በቅሎዋ እየዘፈነች አደባባዩን አቋርጣ ከንጉሡ ዙፋን ፊት ቆመች። ዘፈኑ አንድም ጊዜ አልቆመም። እልልታው የዘውርን ድምፅ ዋጠው።

ማርዘነብ ወደ ደምሌ ዞረች። ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር። «አያ ደምሌ፣ ይህ ደስታ ነው?»

«ነው፣ ልጄ።»

«እሺ» አለች።

ንጉሥ ሳልገድ እጃቸውን አነሡ። «ምሬሻለሁ። ጋሻሽን አንሺ።» ከዚያም ለራምኔል ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ ራምኔልም የሕፃኑን ትከሻ ይዞ ወደ ድልድዩ ገፋ አደረገው።

«በንጉሥ አምላክ» አለች ማርዘነብ።

ድምፅዋን አላነሣችም፤ የምታነሣበት ቁጣ አልነበራትም። ሰልፉ ግን ቆመ። ከበሮው ቆመ። ራምኔል እጁ ከሕፃኑ ትከሻ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

«ጌታዬ ራምኔል፣ በንጉሥ አምላክ ይዤዎታለሁ። በዚያ ቀን ድንጋዩ ሲያቃስት ሰምተዋል ወይስ አልሰሙም? ሰምተው ከሆነ እኅቴን ለምን ላኳት? አልሰማሁም ካሉ፣ ይህ የሰማ ሕዝብ ሁሉ ይኸው ቆሟል። እጅዎን ከልጁ ላይ ያንሡና፣ እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ይመልሱ።»