ማንም ያልሰማው ዜማ

ነፋሱ በሩን በርግዶ ገባና የሙዚቃ ኪቦርዱ ላይ የቆመውን ወረቀት ገለበጠው። ፈርሂያ ልታስተካክለው እጇን ዘርግታ ነበር፤ ግን መለሰችው። የኪዳነ ማርያም ግራ እጅ መጫወቱን አላቆመም። ዓይኑን አዲሱ ገጽ ላይ ተክሎ፣ በጣቶቹ የበፊቱን ዜማ አንድም ሳይስት ጨረሰው።

«እንዴት ነኝ?» አለ ፊቱ በርቶ።

«አሁን የተጫወትከው የትኛውን ነው?»

«ይኼንን ነዋ!» ወረቀቱን ጠቆማት።

«ይኼማ ሌላ ነው! ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ስትሸውደኝ ነበር።»

ፈርሂያ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። መካነ ሰላም በሚገኘው ትምህርት ቤታቸው የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ትንንሾቹን ባስ ክሌፍ የምታስተምረው እሷ ነች፤ በግራ እጅ የሚመቱት ወፋፍራም ድምፆች የሚጻፉበትን ማለት ነው። ከመስመሮቹ ፊት ያለው ጆሮ መሳይ ምልክት፣ ከጎኑ ያሉት ሁለት ነጥቦች፣ በነጥቦቹ መካከል የሚያልፈው መስመር «ፋ» መሆኑ፣ ይህን ሁሉ ስታስረዳ ከሁሉም በላይ ጭንቅላቱን የሚነቀንቀው ኪዳነ ማርያም ነበር። ጉድ ሠራት!

ነገ ደግሞ ፈተና ነው። መምህር ንጉሡ ለእያንዳንዱ ልጅ አይቶት የማያውቀውን ገጽ ይሰጣሉ። ያነበበ ይቀጥላል፤ ያልቻለ ቦታውን ተራ ለሚጠብቁት ይለቃል። ኪቦርዱ ያው አንድ ነው፤ ከሳዑዲ የተመለሰች የድሮ ተማሪ የሰጠቻቸው። የነገው ገጽ አሁን ፈርሂያ ቦርሳ ውስጥ አለ። ለልጆቹ በእጇ ቀድታ እንድትጽፍ አምነው የሰጧት ራሳቸው መምህር ንጉሡ ናቸው።

«አልሸወድኩሽም» አለ ኪዳነ ማርያም። «አንቺ ስትመቺው ሰምቼ ያዝኩት። ማንበብ እኮ እንደዚያ ነው።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለህ?»

«የኔታ ጋ እንደዚያ ነዋ። ዜማውን መጀመሪያ በቃል ይነግሩናል፤ እንላለን፣ እንላለን። ከፊደሉ በላይ ያለው ምልክት የያዝነውን እንዳንረሳ ነው። ሳይነግሩኝ እንዴት አውቀዋለሁ?»

ልጁ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ዜማ እንደሚማር ፈርሂያ ታውቃለች። ወረቀቱ ላይ ያሉት ኖታዎች ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ሊነግሩት እንደሚችሉ ግን ማን ነገረው? እሷም አልነገረችውም። በንዴት የተናገረችው ቃል ቆጫት።

«የነገውን አንድ ጊዜ ብቻ ምቺልኝ» አለ። «አንድ ጊዜ ከሰማሁት ይበቃኛል።»

እውነቱን ነው፤ ይበቃዋል። መምህር ንጉሡም አይነቁም። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ወፍራሙን ድምፅ ሲሰማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «የኔታ ዝቅ ያለውን ድምፅ ደረት ነው የሚሉት። ይኼም ደረት አለው!» ብሎ የሳቀው ትዝ አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትወደዋለች። ነገ ቦታውን ለቆ ሲወጣ ልታየው አትፈልግም። የቦርሳዋን ዚፕ ያዘች።

ከዚያ ዚፑን ለቀቀችና ባዶ ወረቀት ሳበች። አምስት መስመር አሰመረች፤ ጆሮ መሳዩን ምልክት ከሁለቱ ነጥቦች ጋር ሣለች፤ እንደመጣላት አምስት ኖታ አስቀመጠች። የኪቦርዱን ድምፅ ደግሞ ጭራሽ ዘጋችው።

«ይኼን ማንም ሰምቶት አያውቅም። እኔም ራሴ አልሰማሁትም። ንገረኝ።»

«ድምፅ ሳይኖረው?»

«ድምፅ ሳይኖረው።»

ኪዳነ ማርያም ሁለቱን ነጥቦች በጣቱ ነካ። «እዚህ ጋ ፋ…» ወደ ታች ወረደ። «ሚ… መስመሩ ላይ ሬ…» ቁልፉን ተጫነ፤ ዝም። እያላበው ቀጠለ። መጨረሻው ላይ «ላ» አለና ተጫነ። ፈርሂያ ልታርመው ስትል ከንፈሯን ነከሰች። ልጁ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። «ቆይ፣ ቆይ። የታችኛው መስመር ላይ ነው። ሶል!» ጣቱን አዛወረ።

ፈርሂያ ድምፁን ከፈተችው። «እስቲ ድገመው።»

አምስቱ ወፋፍራም ድምፆች አንድ በአንድ ወጡ። ቀርፋፋ ነበሩ፤ ያምሩም ነበር። ኪዳነ ማርያም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ትኩር ብሎ አያት።

«እሺ ይኼን ማን ነገረኝ?»

«አንተው ነህ ያነበብከው።»

ደጋግሞ መታው። ከዚያ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ድንገት ቆመና ቦርሳዋን አየ። «የነገው ግን ረጅም ነው አይደል? ባይሆንልኝስ?»

ባይሆንለት ከእሱ እኩል እንደምታለቅስ ታውቃለች። ቦርሳዋን አንስታ ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ተመልሳ ድምፁን እንደገና ዘጋችና ሁለተኛ ወረቀት ማስመር ጀመረች።