የአሚሾች ቅቤ የጠፋበት ቤት

«የሰው ልጅ ሁሉ በየቤቱ ተከቶ መከራውን በሚያስታምምበት በዚህ ዘመን፣ በጆሃንስበርግ ከተማ፣ በሜይፌር ሰፈር፣ አራት ነፍስ በተጠለለችበት ቤት፣ አንድ ጣሳ ቅቤ ከጋራው ፍሪጅ መሰወሩን በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን።»

ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ የለጠፈው ሻፊ ነበር። የስልክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ በሎክዳውኑ ከተዘጋ ወዲህ ሥራው በሰው መቀለድ ብቻ ሆኗል።

የቅቤው ባለቤት ካሚል ግን አልሳቀም። ካሚል የብርድ ልብስ ጅምላ ነጋዴ ነው፤ ቤቱን በስሙ ተከራይቶ ክፍል በክፍል ለሌሎቹ ያከራየው እሱ ነው። ፍሬገነትን ጠራት። ፍሪጁን ስትከፍቺ ስትዘጊ የምትውዪው አንቺ ነሽ፤ ቅቤው እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ ክፍሉን ልቀቂ አላት።

ፍሬገነት የዱራሜ ልጅ ናት። ለቤቱ ሰው እያበሰለች በኩሽናው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ትኖራለች። የመኖሪያ ወረቀቷ ጊዜው አልፏል፤ የሚያድሰው ቢሮ ተዘግቷል። መንገዱ ፖሊስና ወታደር ነው። ቅዳሜ ከወጣች መግቢያ የላትም።

የቤቱ አራተኛ ነዋሪ ዓብዩ ዘንድ ሄደች።

ዓብዩ ሆሳዕና ሳለ የፖሊስ መርማሪ ነበር። እዚህ ቀበቶ ይሸጣል፤ ማለት፣ ይሸጥ ነበር። ከሎክዳውኑ ወዲህ በሩን ያንኳኳ ሰው ስላልነበረ፣ ስታንኳኳ የጎረቤት በር መሰለው።

«ጋሼ ዓብዩ፣ እኔ አልነካሁም።»

ግቢና ቁጭ በይ አላት። ጉዳዩ በአጭሩ ይነገር ነበር፤ እሱ ግን አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ቶሎ እንዳትነሳ።

ቅቤው የዋዛ ቅቤ አይደለም። ካሚል ድንበር ሳይዘጋ ከአንድ አስመጪ የገዛው የአሚሾች ቅቤ ነው። አሚሾቹን በዩቲዩብ አይቷቸዋል፤ ጺማቸውን ያንዠረገጉ፣ በፈረስ የሚያርሱ፣ መብራት እንኳ በቤታቸው የማያስገቡ የአሜሪካ ገበሬዎች። ኬሚካል የሚባል አያውቁም፣ ልክ እንደ አያቶቻችን፣ ከዚህ የቀመሰን ሰው ኮሮና አይደፍረውም እያለ ሲሰብክ ከርሟል።

ሻፊ ነው የማይለቀው። «አባትህ በበሬ እያረሰ አይደል ዩሪያ ለመውሰድ የሚሰለፈው?» አለው አንድ ቀን። በፈረስ ማረስ ሌላ፣ መድኃኒት አለመርጨት ሌላ። አሚሾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እንደማያርሱ፣ ጣሳው ላይም ከፈረስ ሥዕል በቀር ቅቤውን የመረመረ ሰው ማኅተም እንደሌለ ነገረው። ካሚል አኮረፈ።

ስለዚህ ዓብዩ በሻፊ ጀመረ።

«ጣሳው የት ነው?»

«ፈረሱ ይዞት ሄዶ ይሆናል፣ ሳጅን።»

«ካሚልን ለማናደድ ደብቀኸዋል።»

«እሱን ለማናደድ ቅቤ ምን ያደርግልኛል? አፌ ይበቃኛል።»

ይህ እውነት ነበር።

ዓብዩ ጓሮ ወጣ። የሐምሌ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ጥግ ላይ የተጣለውን የተበላሸ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከፈተ። ጣሳው ውስጡ ነበር። ሙሉ ነው። ላዩ ላይ የአንድ ጣት ፈለግ ብቻ አለ።

ሌባ የሚበላውን ይበላል፤ የሚሸጠውን ይሸጣል። ቀምሶ የሚጥል ሌባ ግን ዓብዩ በዘመኑ አላጋጠመውም።

ክፍሉ ገብቶ ጣሳውን ሂተሩ አጠገብ አኖረው። ብርድ ያደረቀው ቅቤ ሲለሰልስ ሽታው ክፍሉን ሞላው። የሆሳዕና ገበያ ቅቤ ተራ መጣበት፤ በኮባ የተጠቀለለው ቅቤ፣ ግፊያው፣ ጫጫታው። ሰው ትከሻውን ገፍቶት ካለፈ ስንት ጊዜው ነው?

እንዲህ ያለውን ማን ይጥላል?

ክዳኑን ከፍቶ ጣሳውን ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጠና በየክፍሉ ዞረ። ሻፊ ገና ከበሩ እንደ አገሬው ሰው ተገርሞ፣ ሃይቦ፣ ሳጅን፣ አናትህን ተቀባህ እንዴ አለው። ፍሬገነት ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «ተገኘ?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ካሚል በሩን ገርበብ አደረገ። ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል አለ። ዓብዩ ገብቶ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠ።

«ቅቤውን መጨረሻ የከፈትከው መቼ ነው?»

«እሁድ።»

«ሽታው እንዴት ነበር?»

ካሚል ዘገየ። «ቅቤ ቅቤ ይላላ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ምን?»

ዓብዩ ጃኬቱን ገለጠ። «ሻፊ ከበር ላይ ሸተተው። አንተ አፍንጫህ ሥር ተቀምጦ ‹አሁን ምን› ትለኛለህ።»

ካሚል ጣሳውን ተቀብሎ አፍንጫውን ደፋበት። ደጋግሞ ሳበ።

«ማርጋሪን ነው» አለ በመጨረሻ። እሁድ ሲከፍተው ምንም አልሸተተውም፣ ሲቀምሰው ምንም አልጣመውም። አስመጪው አታለለኝ አለ። ሻፊ ዕድሜ ልኩን ሊስቅበት ነው። ጣለው። ቅቤው የት ደረሰ ሲባል ተሰረቀ አለ፤ ተሰረቀ ካለ ደግሞ ሌባ ያስፈልጋል።

«ፍሬገነት መሄጃ እንደሌላት እያወቅህ።»

ካሚል ጣሳውን መለሰለት።

«ቅቤው የአሚሾች ይሁን የማን አላውቅም» አለ ዓብዩ። «ቅቤ መሆኑን ግን አውቃለሁ። የጠፋው የአንተ አፍንጫ ነው።»

ሽታና ጣዕም ማጣት የኮሮና ምልክት መሆኑን ሬዲዮ በየቀኑ ሲያወራው ነው የከረመው። ካሚል ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ዓብዩ አልተነሳም።

ካሚል በበሩ ስንጥቅ ፍሬገነትን ይቅርታ ጠየቃት፤ ክፍሉ ያንቺ ነው፣ ማንም አያስወጣሽም አላት። ሻፊ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የካሚልን ሳል ሲሰማ መልሶ ዘጋው። በሩ ተዘጋ፤ ምግቡ ደጃፉ ላይ እንዲቀመጥ ተስማሙ።

ከቀትር በኋላ ዓብዩ ፍራሹን ተሸክሞ በኮሪደሩ መጣና የካሚልን በር በእግሩ ገፋው።

«ጋሼ፣ የራስዎ ክፍል አለ አይደል?» አለች ፍሬገነት ከሩቅ። «በሽታው ይዞዎት ከሆነ እዚያው ይዘጉ። ሳይዝዎት ከሆነ ደግሞ ምን ሊያደርጉ ይገባሉ?»

«ውኃ ለሁለት ሰው አድርጊው።»

«ለምን እንደሚገቡ ነው እኮ የጠየቅሁት።»

«አልናገርም» አለና ፍራሹን ጎትቶ ገባ፤ ከካሚል መኝታ ጎን ትከሻ ለትከሻ አነጠፈው።