የማይዝግ የተባለው ቧንቧ

«አይዝግም አልኩህ እኮ! ስሙ ራሱ የማይዝግ ብረት አይደል እንዴ? ስትገጥምልኝ ‹ዕድሜ ልክህን እርሳው› ያልከኝ አንተ ነህ ወይስ ጎረቤት?»

ወንድሜ ሮዜር ነው እንዲህ የሚለኝ። የጋራዤ በር ላይ ቆሞ፣ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ።

«ጨው ስም አይጠይቅም» አልኩት። «በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ በየቀኑ ይበትኑታል፣ አንተ በየቀኑ ትነዳበታለህ። መኪናህ ከስሩ ሳይታጠብ ስድስት ሳምንት ሆነው። አስገባውና ልየው።»

«ነገ።»

«ዛሬ!»

«ዓሣው መንጠቆ የሚነክሰው ዛሬ ነው። ማርሚታው የትም አይሄድብህም።»

ይህ ጠብ በእርግጥ የተደረገ ነው። የካቲት ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ አስር ሰዓት፣ ሳግኔ ወንዝ ዳር ባለው ጋራዤ ውስጥ። ታሪኩን ለማሳመር የጨመርኩት ነገር የለም። ብችል ኖሮ እቀንስለት ነበር።

አንድ ነገር ግን ለሮዜር አልነገርኩትም...

የጭስ ማውጫውን ቧንቧ የገጠምኩለት በመስከረም ነበር። የማይዝግ ብረት ብየዳው የሚጸዳበት የራሱ ብሩሽ አለው። ያን ቀን ብሩሹ ጠፋኝ። የዛገ ብረት የምፍቅበትን ተራ የሽቦ ብሩሽ አነሳሁ።

ተራ ሽቦ የራሱን ብናኝ ትቶ ይሄዳል። ብናኙ ይዝጋል። ከዚያ ጨው ሲደርስበት ደህናውን ብረት እየበሳ ይገባል። ይህን የእኛ አገር መካኒክ ሁሉ ያውቃል።

«ልየው» ያልኩት ለዚህ ነበር። ግን «ተሳስቻለሁ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ሮዜር ታላቄ ነው። አንዴ ከሰማ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያሾፍብኝ ይኖራል።

ሮዜር ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

ያኔ ነው ፊቱን ልብ ያልኩት። ቀልቷል። ብርድ የሚያቀላው አፍንጫና ጉንጭ ነው። የሱ ግን ከአገጩ እስከ ጆሮው እኩል ቀልቷል... እንደ በሰለ እንጆሪ።

«ራሴን እያመመኝ ነው» አለ። «ደግሞ መኪናው ውስጥ የሆነ ነገር ይሸተኛል። ምንድን ነው?»

እኛ አገር በረዶው ከመምጣቱ በፊት መኪናችንን ከስሩ ዘይት እናስረጫለን፣ ጨው እንዳይበላው። የተረጨው ዘይት የጋለ ቧንቧ ላይ ከነጠበ ለጥቂት ቀን ይጨሳል፣ ይሸታል። ሁላችንም ለምደነዋል። ሮዜር ያስረጨው ግን ዘግይቶ፣ የገና ሰሞን ነበር። ሁለት ወር ሊሞላው ነው። የሁለት ወር ዘይት አይሸትም።

ይህንንም አውቅ ነበር። ግን ተናድጄ ነበር።

«ዘይቱ ነው» አልኩት። «ያልፋል።»

ሦስት ቃል።

ሊወጣ ሲል ተመለሰ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዢል...»

«ምን?»

«ለኦዲል እንዳትነግራት።»

ኦዲል ሚስቱ ናት።

«ምኑን?»

«ከኋላ ወንበር ላይ... የሚተነፍስ አለ።»

ሳቅኩ። «ኦዲል ናታ! ዓሣ ሳይሆን ቢራ እንደምታጠምድ ልታረጋግጥ ተደብቃ ነው።»

አልሳቀም። ሮዜር ደግሞ በሬሳ ሳጥን አጠገብ እንኳ ቀልድ የማያልፈው ሰው ነበር።

«ዞር ስል ማንም የለም» አለኝ። «ፊት ፊቴን ሳይ... ይተነፍሳል።»

ተከትዬው ወጣሁ። መኪናው ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። በዚያ ብርድ ማንም ሞተር አያጠፋም።

የኋላው መስታወት ከውስጥ በትንፋሽ ደብዝዟል። ሙሉው አይደለም። የሳህን ያህል ክብ ብቻ... የተቀመጠ ሰው አፍ በሚሆንበት ቁመት ላይ።

በሩን ከፍቼ በእጅጌዬ ጠረግኩት። ወንበሩ ባዶ ነው።

በሩን ዘጋሁ።

ክቡ ቀስ እያለ ተመለሰ።

«አየህ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እርጥበት ነው።»

ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ገባ። ወደ ወንዙ ነዳ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፊርመን ደወለልኝ። ፊርመን ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። በረዶ ሆኖ የረጋው ወንዝ ላይ፣ በረዶውን በስቶ ለማጥመድ የተከላት ጎጆው ከሮዜር ጎጆ አጠገብ ናት።

«ወንድምህ መኪናው ውስጥ ተኝቷል» አለኝ። «አንኳኳሁ። አንኳኳሁ እኮ፣ ልጄ...»

ሮዜር ሊሞቅ ብሎ ገብቶ ነበር። ነዳጁ እስኪያልቅ ሞተሩ ሲሠራ አድሯል። ሐኪሙ የገደለው ፊትን የሚያቀላው የማይታይ የሞተር ጭስ ነው አለ።

ፊርመን በኋላ ለብቻዬ ወስዶ አንድ ነገር ነገረኝ። መስታወቶቹ ሁሉ ከውስጥ በረዶ ይዘው ነበር። የኋላው ላይ ግን የሳህን ያህል ቦታ... እርጥብ ነበር። ገና ትኩስ።

በዚያ ወር መሬታችን በብርድ ደንድኖ አይቆፈርም። የብርድ ወራት ሟቾቻችን እስከ ሚያዝያ ድረስ የመቃብሩ መግቢያ ላይ ባለችው የድንጋይ ቤት ሆነው ይጠብቃሉ። ሮዜርንም እዚያ ልናቆየው ቀን ያዝን።

ኦዲል መኪናውን ወደ እኔ አስጎተተችው።

«ጨው እንዳይበላው» አለችኝ። «ይሳሳለት ነበር።»

ከስሩ ገባሁ።

ብየዳው አጠገብ የብሩሼ ጭረቶች ነበሩ። እያንዳንዱ ሽቦ ያለፈበት መስመር ቡናማ ሆኖ ወጥቷል። በመካከላቸው ቀዳዳ አለ። የትንሿ ጣቴ ጫፍ ገባችበት።

ቀዳዳው ከኋላ ወንበሩ ስር ነው።

ቡሎኖቹን ፈትቼ ቧንቧውን ከነማርሚታው አወረድኩት። ጋራዡ ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ አስተኛሁት። ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት። በጨርቅ አደረቅኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከዚያ በኋላ ማጠብ ምን ይፈይዳል?

ጠዋት ስገባ ነጭ ጨው ለብሶ አገኘሁት።

እንደገና አጠብኩት። በማግስቱም ለብሷል። ጋራዡ ተቆልፎ ያደረ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

በአራተኛው ቀን በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። የመንገድ ጨው ነው። እጄን ቧንቧው ላይ አሳረፍኩ...

ይሞቃል።

በመስኮት ወደ ግቢው አየሁ። መኪናው ባቆምኩት ቦታ ቆሟል። ሞተሩ ከተነሳ ቀናት አልፈውታል። የኋላው መስታወት ላይ ክቡ አለ።

ቅዳሜ ዕለት ጸሎቱ ተደረገ። ሮዜርን ድንጋይ ቤት አስገብተን ሰው ሁሉ ወደ እኔ ቤት መጣ። ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ገባ፤ የአተር ሾርባና ዳቦ ቀረበ። እንደ ልማዱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለቅሶው ወደ ወሬ ዞረ።

ከቀኑ አስር ሰዓት ሆኗል። ኦዲል መስኮቱ ስር፣ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሾርባዋን አልነካችውም።

«ዢል።»

«አቤት።»

«ሽታ አለ ብሎኝ ነበር። መኪናው ውስጥ።»

ማንኪያዬን ሾርባዬ ውስጥ አዞርኩ።

«እኔ ምን አልኩት መሰለህ? ‹ወንድምህ መካኒክ አይደል፣ ዢልን ጠይቀው› አልኩት። ለአንተ ነግሮህ ነበር?»

«ኦዲል...»

«ብቻ ንገረኝ። ካልነገረህ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አጥብቄ አልተቆጣሁትም። ከነገረህ ደግሞ... ቢያንስ እኔ አይደለሁም። ዘጠኝ ቀን አልተኛሁም፣ ዢል።»

ከእኛ ወዲያ ፊርመን ሮዜር በአንድ ወቅት ዓሣ ሲጎትት በረዶው ላይ እንዴት እንደወደቀ በእጁ እያሳየ ያወራል። ሰው ይስቃል።

አፌን ከፈትኩ። ብሩሹ፣ ዘይቱ፣ ቀዳዳው... ሁሉም ምላሴ ላይ ነበሩ።

«ምንም አልነገረኝም» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። አልተቆጣችም። ያን ቀን ሮዜር «አየህ?» ሲለኝ ያየኝ አስተያየት ነበር።

«እንግዲያው ራሱን ልጠይቀው» አለች።

ወደ ድንጋዩ ቤት ልትሄድ መሰለኝ። ተነስታ ካፖርቷን ደረበች። በሰው መካከል አለፈች። ማንም መንገድ አልለቀቀላትም፣ ማንም «ወዴት ነሽ?» አላላትም።

በመስኮቱ ተመለከትኩ።

በካልሲ ብቻ በረዶውን ረግጣ ግቢውን አቋረጠች። መኪናው አጠገብ ስትደርስ የፊተኛው በር... ከውስጥ ተከፈተላት።

ገባች።

ልጮህ ፈለግኩ። ግን ጮኼ ምን እላለሁ? ከየትኛው እጀምራለሁ?

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ቧንቧው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ያለ ማርሚታ የተነሳ መኪና መንደሩን ሁሉ ያነቃንቃል። ይህ ግን ኮሽ አላለም። ከግቢው ወጣ። ወደ ወንዙ ታጠፈ። የኋላው መስታወት ላይ ክቡ ሰፋ ይላል... ጠበብ ይላል... ሰፋ ይላል።

ፊርመን ወሬውን ጨረሰ። ሌላ ሰው ዳቦ እንዲያቀብሉት ጠየቀ። ወደ መስኮቱ ቀና ያለ አልነበረም።

በሩ አጠገብ የኦዲል ቦት ጫማዎች ቆመዋል። ሶላቸው ላይ የቀረው በረዶ እየቀለጠ ነው። ውሃው ሲደርቅ ወለሉ ላይ፣ በዙሪያቸው፣ ነጭ የጨው ቀለበት ይሠራል።