የማቋረጫው ጡሩምባ

የባቡሩ ጡሩምባ ከመታጠፊያው ማዶ ሲሰማ ወይዘሮ ሜና እጃቸው አፈር ውስጥ እንዳለ ቀጥ አሉ። ሁልጊዜም እንዲሁ ናቸው። ባቡሩ ናንትላስ ጣቢያ ከመድረሱ በፊት የእግረኛ ማቋረጫው ጋ ይነፋል፤ ድምፁ ሸለቆውን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ አጠገባቸው ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

ማብሊ ከምትቀባው የጣቢያው ወንበር ላይ ቀና አላለችም። ያን ድምፅ ቤቷ ሆናም ታውቀዋለች። አባቷ ከሩቅ ሲሰማው ተነሥቶ መስኮቱን ይዘጋል።

ባቡሩ አንዲት ሴት ከነውሻዋ አውርዶ ሄደ።

«ሁለት መንገደኛ!» አለ የክፍሏ ልጅ ካይ። «በቃ፣ የካርዲፍን ትልቅ ጣቢያ ልናስንቅ ነው።»

«ውሻው እኮ ቲኬት አልቆረጠም» አለች ማብሊ።

«አቦ አታካብጂ! ይልቅ ወንበሩን ነው ወይስ ጫማሽን የምትቀቢው?»

ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቢያውን ለመንከባከብ የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ሰባት ናቸው። የባቡር ድርጅቱ «ሰው የለበትም» ብሎ ጣቢያቸውን እንዳይዘለው መድረኩን ይጠርጋሉ፣ አበባ ይተክላሉ፣ ገበያ ወርደው የባቡር ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ያድላሉ። ማኅበራቸውን ያቋቋሙት ወይዘሮ ሜና ናቸው። ልጃቸው ጌሲን ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጭጋጋማ ጠዋት፣ ማቋረጫው ላይ በባቡር ተገጭቶ ሞቷል።

ያን ቀን ባቡሩን ይነዳ የነበረው የማብሊ አባት ነው። ምርመራው ጥፋት አላገኘበትም። ቢሆንም ዳግም አልነዳም፤ አሁን የበግ መኖ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሸከማል።

ማብሊ መጀመሪያ የመጣችው አባቷን የነጠቃትን ቦታ ልታይ ብቻ ነበር። ወይዘሮ ሜና መጥረጊያ ሰጧት፤ በሳምንቱ ተመለሰች። «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሏት «የላይ ሰፈር ነኝ» ብላ አለፈች። አባቷን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ነኝ ትለዋለች። አምስት ወር ሆናት።

ካይ ብሩሾቹን ሊያጥብ ሲሄድ ወይዘሮ ሜና ጉልበታቸውን ይዘው ያልተቀባው የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ» አሉ። «‹ልጇን የበላ ሐዲድ ላይ አበባ ትተክላለች› ይላሉ። ጌሲን ግን ይህን ባቡር ይወደው ነበር። ባቡሩ ከቀረ ልጄም አብሮ የሚቀር ይመስለኛል።»

ማብሊ የቀለሙን ቆርቆሮ ክዳን ገጠመች።

«የምርመራው ውጤት የተነበበ ቀን አልሄድኩም፤ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የሚነግረኝ ሰው የለም። እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጄ እዚያ ጭጋግ ውስጥ ብቻውን ነበር?»

ማብሊ መልሱን ታውቀዋለች። አባቷ አንዴ ለእናቷ ሲናገር ከበር ጀርባ ሰምታለች። ብትናገር ግን ወይዘሮ ሜና ዳግም ዓይኗን ማየት ላይፈልጉ ይችላሉ። አባቷም «ያቺን እናት በምን ፊቴ አያታለሁ!» ያለ ሰው ነው። ካይ ከቧንቧው በኩል እያፏጨ መመለሱ ተሰማት። አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም።

«ብቻውን አልነበረም፣ እትዬ ሜና። ሾፌሩ ወርዶ ኮቱን አለበሰው። እጁንም ይዞት ነበር፤ አምቡላንሱ እስኪመጣ አለቀቀውም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሾፌሩ አባቴ ነው።»

ወይዘሮ ሜና ፊታቸውን ወደ ሐዲዱ አዞሩ። ካይ ሁለቱን አየና ፉጨቱን አቁሞ ባለበት ቆመ።

«ተናገረ?» አሉ በመጨረሻ፣ ሳያይዋት። «ጌሲን ምንም አልተናገረም?»

«ሰዓት ጠየቀው። ‹ስንት ሰዓት ነው?› አለው። አባቴ ነገረው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሰዓት አያስርም።»

ከወይዘሮ ሜና ጉሮሮ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ ወጣ። «ልጄ! ሁሌ እንዳረፈደ ነበር እኮ።» አፈር በነካው እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እና አባትሽ ይህን ሁሉ ጊዜ... የት ነው አሁን?»

«ቤት ነው። እዚህ እንደምመጣ አያውቅም።»

ወይዘሮ ሜና ሂጂም፣ ቆዪም አላሏትም። ማብሊ ቀለም የነካውን እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ስልኳን አወጣች። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ማብሊ? ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ እንዴ?»

«ቤተ መጻሕፍት አይደለሁም፣ አባዬ» አለችው። «ጣቢያው ነኝ።»